ከባሕር ዛፍ በላይ የሚታየው ሰማያዊ ጭጋግ፦ ዛፎች ወደ አየር የሚለቁት ነገር የፀሐይን ብርሃን ምን ያደርገዋል?

ጥያቄ፦ መምህርት ከአዘዞ

ጤና ይስጥልኝ። በጎንደር ከተማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለፈው ጥር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ጎሃ ኮረብታ ወጥቼ ነበር። የወጣነው ስለ ዕፅዋት ዝርያዎች ለመነጋገር ቢሆንም፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ከታች በሚታየው የባሕር ዛፍ ተክል ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ስስ ጭጋግ ተዘርግቶ ስላየን ወሬያችን ሁሉ ወደዚያ ዞረ። አንዲት ተማሪ «መምህርት፣ ይህ ጢስ ነው፣ ጉም ነው ወይስ ዛፎቹ ራሳቸው የሚለቁት ነገር ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔም ዕፅዋት ከቅጠላቸው ተናኝ ዘይቶችን እንደሚለቁ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲታሽ የሚሸተንም፣ ጉንፋን ሲይዘን ቀቅለን የምንታጠነውም ይኸው ዘይት እንደሆነ አስረዳሁ። ልጅቱ ግን በዚህ አላበቃችም። «ትነቱ እንደ አየር የማይታይ ከሆነ፣ ከሩቅ ሆነን እንዴት አየነው? ደግሞስ ስለምን ሰማያዊ ሆነ?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ፤ አጥንቼ እንደምመጣ ቃል ገብቼላት ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት ነገር ይበልጥ ግራ አጋባኝ። አንዱ ጽሑፍ ከዕፅዋት የሚፈጠሩ ደቂቅ ብናኞች የፀሐይን ብርሃን ወደ ሕዋ እየመለሱ ምድርን ያቀዘቅዛሉ ሲል፣ ሌላው ብርሃኑን ውጠው አየሩን ያሞቃሉ ይላል። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት ሊሆኑ እንደሚችሉ፣ ለተማሪ በሚገባ መልክ የሚያስረዳኝ ሰው ባገኝ ደስታዬ ነው። ቃል የገባሁት ለልጅ ስለሆነ እንዲሁ ልተወው አልፈልግም።


መልስ፦ ብናኝ አጥኚ

መምህርት፣ ተማሪዎ ያነሣችው ጥያቄ መስኩ ራሱ የተጀመረበት ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በኔዘርላንድስ ተወልዶ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሪትስ ዌንት፣ በደን በተሸፈኑ ተራሮች ላይ በሞቃት ወራት የሚታየው ሰማያዊ ጭጋግ ዕፅዋት ከሚለቋቸው ተናኝ ውህዶች እንደሚፈጠር ጽፎ ነበር። ከሲድኒ በስተምዕራብ ያለው፣ በባሕር ዛፍ የተሸፈነው የአውስትራሊያ ተራራማ አገር «ሰማያዊ ተራሮች» የሚል ስም የወጣለትም ከዚሁ መልኩ የተነሣ ነው።

ልጅቱ በትክክል እንዳለችው ትነቱ አይታይም። ዛፉ የሚለቀው ትነትና ዓይናችን የሚያየው ጭጋግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን ወደ ሌላው የምትለውጠው ደግሞ ፀሐይ ናት። ይህን መካከለኛ ደረጃ የዘለለ ማብራሪያ ሁሉ ተማሪን ግራ ያጋባል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ዕፅዋት በብዛት ከሚለቋቸው ውህዶች ዋነኛው አይሶፕሪን ይባላል። አምስት የካርቦንና ስምንት የሃይድሮጅን አቶሞች ያሉት ቀላል ሞለኪውል ነው። የዓለም ዕፅዋት በዓመት ወደ 500 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ አይሶፕሪን እንደሚለቁ ይገመታል። ከእርሱ ቀጥሎ አሥር ካርቦን ያላቸው ሞኖተርፒኖች፣ ከዚያም አሥራ አምስት ካርቦን ያላቸው ሴስኩተርፒኖች አሉ። የጥድ፣ የብርቱካን ልጣጭና የብዙ መዓዛማ ቅጠሎች ሽታ ከእነዚህ ይመጣል። ባሕር ዛፍ አይሶፕሪንንም ተርፒኖችንም የሚለቅ ዛፍ ነው። ስንታጠን የሚሸተን ግን በዋናነት ሲኒዮል የተባለው የቅጠሉ ዘይት ሲሆን፣ አይሶፕሪኑ በአየር ውስጥ ባለው መጠን ለአፍንጫችን አይታወቅም።

እነዚህ ሞለኪውሎች ከቅጠሉ እንደወጡ አየር ውስጥ የሚጠብቃቸው አለ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ኦዞንን ይሰብራል፤ ከስብራቱ የሚወጣው የኦክስጅን አቶም ከውሃ ትነት ጋር ሲገናኝ ሃይድሮክሲል የተባለው ቅንጣት ይፈጠራል። ሃይድሮክሲል ዕድሜው አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው፤ ያገኘውን ሞለኪውል ሁሉ ይነክሳል። አይሶፕሪን በቀን ብርሃን ከጥቂት ሰዓታት በላይ አይቆይም፤ አንዳንዶቹ ሴስኩተርፒኖችም ከኦዞን ጋር ተገናኝተው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃሉ። በእያንዳንዱ ንክሻ ሞለኪውሉ ኦክስጅን እየጨመረ፣ እየከበደና የመትነን ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በመጨረሻም በጋዝነት መቆየት ይሳነዋል።

ለተማሪዎች በአረቄ ምሳሌነት ማስረዳት ይቻላል፤ ነገር ግን ልዩነቱ አብሮ ይነገራቸው። አረቄ ሲወጣ ትነቱ ወደ ጠብታ የሚለወጠው ስለሚቀዘቅዝ ነው። እዚህ ግን አየሩ አልቀዘቀዘም፤ ሞለኪውሉ ራሱ በኬሚካዊ ለውጥ ከብዶ ነው ጋዝ መሆን የተሳነው። ስለዚህ በአየር ውስጥ ባለ ብናኝ ላይ ይለጠፋል፤ እጅግ የከበዱት ደግሞ እርስ በርሳቸው ተሰባስበው አዲስ ብናኝ ይወልዳሉ። ይህ ያለ ሰልፈሪክ አሲድ እገዛ፣ ከዛፍ ትነት ብቻ ሊሆን እንደሚችል በጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው ሰርን በተባለው የፊዚክስ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2016 ታይቷል።

አሁን ወደ ሰማያዊነቱ እንምጣ። አዲስ የተወለደው ብናኝ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ሲሆን ቀስ በቀስ ወደ 100 ናኖሜትር ያድጋል። የሰው ፀጉር ውፍረት 70,000 ናኖሜትር ያህል ነው ብንል፣ ይህ ብናኝ ከፀጉር 700 ጊዜ ይቀጥናል ማለት ነው። የምናየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ስለሆነ፣ ብናኙ ከሞገዱ በጣም ያንሳል። እንዲህ ያለ ደቂቅ ነገር አጭሩን ሞገድ ከረጅሙ እጅግ አብልጦ ይበትናል፤ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1871 እንዳሳየው የመበተኑ ኃይል የሚለዋወጠው በሞገዱ ርዝመት አራተኛ ርቢ ተገላቢጦሽ ነው። 450 ናኖሜትር የሆነው ሰማያዊ ብርሃን 650 ናኖሜትር ከሆነው ቀይ ብርሃን ከ4 እጥፍ በላይ ይበተናል። ስለዚህ ከጎን ሆኖ ጭጋጉን ለሚያይ ሰው በብዛት ወደ ዓይኑ የሚደርሰው ሰማያዊው ነው።

ይህን ልጆቹ በየቤተ ክርስቲያኑ ሲያዩት የኖሩት ነገር ነው። ማለዳ ቅዳሴ ላይ ብርሃን በመስኮት ሲገባ፣ ከጽናው የሚወጣውን የእጣን ጢስ ከኋላው ጨለም ያለ ግድግዳ ይዘው ያዩት እንደሆነ ሰማያዊ መስሎ ይታያል። ያንኑ ጢስ ከኋላው ብሩህ መስኮት ይዘው ቢያዩት ግን ወደ ቡናማና ወደ ቢጫ ያደላል፤ ምክንያቱም ሰማያዊው ወደ ጎን ተበትኖ አልቆ፣ በቀጥታ ያለፈው ቀይና ቢጫው ነው። ጢሱ አንድ ነው፤ የተለየው የቆምንበት ቦታ ነው። የዛፍ ብናኝም እንዲሁ ነው።


መልስ፦ የደን ባለሙያ ከደባርቅ

ከላይ የተሰጠው መልስ መልካም ነው፤ እኔ ከዛፎቹ ወገን ሆኜ ጥቂት ልጨምር።

ዛፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር በአንድ ሰዓት አይለቅም። አይሶፕሪን በቅጠል ውስጥ ተጠራቅሞ አይቀመጥም፤ ብርሃን ሲኖር ይሠራል፣ ወዲያው ይወጣል፣ ፀሐይ ስትጠልቅም ይቆማል። ሞኖተርፒን ግን እንደ ጥድ ባሉ ዛፎች ውስጥ በሙጫና በዘይት ከረጢት ተጠራቅሞ ስለሚቆይ፣ አወጣጡን የሚወስነው በዋናነት ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የሚተነው መጠን ወደ ሁለት ተኩል እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ በሌሊትም ቢሆን ጥቂት ጥቂት ይወጣል። በጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ በማለዳ የሚሸተን የጥድ መዓዛ አንድም ከዚህ የተነሣ ነው፤ በሌሊት የወጣው ትነት፣ የሚያፈርሰው ፀሐይም የሚያናውጠው ነፋስም ስለሌለ፣ ከዛፎቹ ሥር ተኝቶ ያድራል።

የጎንደር አቀማመጥም ለዚህ ጉዳይ ልዩ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ ከላይዋ ያለው አየር ስስ ነው፤ አልትራቫዮሌቱ ጠንክሮ ይደርሳል። በሚያዝያ አጋማሽና በቡሄ ሰሞን ደግሞ ፀሐይ በቀትር ከራሳችን በላይ ትቆማለች። ነሐሴ በደመና የተሸፈነ ስለሆነ ብዙም አይታወቀንም፤ ሚያዝያ ግን ሙቀቱም፣ ብርሃኑም፣ የቅጠሉ ልግስናም የሚገጣጠሙበት ወር ነው። የዛፍ ብናኝን ለማየት የሚሻ ሰው ከጥር ይልቅ ሚያዝያን፣ ከማለዳ ይልቅ ከቀትር በኋላን ቢመርጥ ይሻለዋል እላለሁ።

ወደ እኛ ወደ ስሜን ስትወጡ ባሕር ዛፉ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከፍ ሲልም አስታው፣ ከዚያም ጅብራው ይተካል። እዚያ ላይ ሆኖ ቁልቁል ገደሉን ሲያዩት ሸንተረሩ ሁሉ እየራቀ በሄደ ቁጥር ይበልጥ ሰማያዊ ይሆናል። ጎብኚዎች ይህን «የዛፎቹ ጭጋግ ነው» ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ራቁት ድንጋይና ሣር በበዛበት፣ ዛፍ በሌለበት ሸንተረርም ሰማያዊነቱ አይቀርም።


መምህርት ከአዘዞ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእጣኑ ምሳሌ ለእኔም አዲስ ነው፤ ለዓመታት ዓይኔ እያየው አእምሮዬ አላየውም ነበር።

የቀረኝን ልጠይቅ። በየካቲትና በመጋቢት የጎንደር ሰማይ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ነጭ፣ አንዳንዴም ወተት ውስጥ ጥቂት ቡና እንደ ጠብ ያለበት ይሆናል። ሰማዩ በጠራ ቀን ከፋሲል ግንብ ላይ ሆኖ ጣናን ማየት ይቻላል፤ በእነዚያ ወራት ግን ሐይቁ ቀርቶ ቅርብ ያሉት ኮረብቶች እንኳን ይደበዝዛሉ። ይህም ከዛፎች የመጣ ነው? ብርሃንን ስለ መበተንና ስለ መዋጥ ያነሣሁትም ጥያቄ እንዳለ ነው።


መልስ፦ ብናኝ አጥኚ

መምህርት፣ የየካቲቱን ነገር በዛፎች ላይ መጣል ተገቢ አይሆንም። በዚያ ወቅት በምዕራብ በኩል ከመተማ ቆላ ጀምሮ እስከ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን ሜዳዎች ድረስ ደረቅ ሣር ይቃጠላል፤ ከሰሜንና ከምዕራብ የበረሃ አቧራም ይነሣል። አቧራ ከዛፍ ብናኝ በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይተልቃል። ብናኝ መጠኑ ከብርሃን ሞገድ ጋር ሲስተካከልና ሲበልጥ ቀለም መምረጡን ይተዋል፤ ሰማያዊውንም ቀዩንም ያለ ብዙ ልዩነት ስለሚበትን ሰማዩ ነጭ ይሆናል። የዚህን ስሌት መንገድ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጉስታቭ ሚ እ.ኤ.አ. በ1908 አሳይቷል። የዛፍ ብናኝም ቢሆን ሲያድግና እርጥበት ሲስብ ሰማያዊነቱ ወደ ነጭነት ይሄዳል፤ ነገር ግን ውሃ የመሳብ ኃይሉ ከጨውና ከሰልፌት ያነሰ ነው።

መበተንና መዋጥን በተመለከተ፣ ያነበቧቸው ሁለቱ ጽሑፎች የተናገሩት በዕድሜም በጎረቤትም ስለተለያዩ ብናኞች ይመስለኛል።

ንጹሕ በሆነ አየር ውስጥ ገና የተፈጠረ የዛፍ ብናኝ እንደ ዘይት ጠብታ ነው፤ በሚታየው ብርሃን ዘንድ ቀለም የለውም ማለት ይቻላል። ያገኘውን ብርሃን ይበትነዋል እንጂ አይውጠውም። ምሳሌ ልስጥ። የብናኙ ንብርብር ጥቅጥቅነት ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት መለኪያ 0.1 ቢሆን፣ ፀሐይ ከራስ በላይ ስትሆን በቀጥታ ከሚመጣው ብርሃን 10 በመቶ ያህሉ ከመንገዱ ይወጣል። ፀሐይ ከአድማስ 30 ዲግሪ ብቻ ከፍ ባለች ጊዜ ግን ብርሃኑ ሁለት እጥፍ መንገድ ስለሚጓዝ የሚወጣው 18 በመቶ ገደማ ይደርሳል። እዚህ ላይ ሰዎች አብዝተው የሚሳሳቱበት ነገር አለ፤ ከመንገዱ የወጣ ብርሃን ሁሉ ወደ ሕዋ አይመለስም። አብዛኛው ወደፊት፣ ወደ ምድር አቅጣጫ ነው የሚበተነው፤ ምድርን የሚያቀዘቅዘው ወደ ላይ የሚመለሰው ጥቂቱ ክፍል ብቻ ነው። ያም ቢሆን ከሥሩ ያለው ምድር ጥቁር በሆነ መጠን ውጤቱ ይጎላል። ከጥቅጥቅ ደን ወይም ከጣና ውሃ በላይ የተዘረጋ ጭጋግ ሊዋጥ የነበረውን ብርሃን ይመልሳል፤ አዝመራው ከታጨደ በኋላ ከሚቀረው ነጣ ያለ ማሳ በላይ ግን ማሳው ራሱ ብዙ ብርሃን ስለሚመልስ ልዩነቱ ያንሳል።

ነገር ግን ያ ብናኝ እንደተወለደ አይኖርም። ናይትሮጅን ካገኘ ቀለሙ ይቀየራል። ናይትሮጅኑ ከመኪናና ከባጃጅ ጢስ እንደ ናይትሮጅን ኦክሳይድ፣ ከከብት በረትና ከፍግ ደግሞ እንደ አሞኒያ ይመጣል። በብርቱካን ልጣጭ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሊሞኒን የተባለው ተርፒን በቤተ ሙከራ ከኦዞን ጋር እንዲዋሃድ ተደርጎ፣ የተፈጠረው ብናኝ ለአሞኒያ ሲጋለጥ፣ ነጩ ብናኝ በሰዓታት ውስጥ ወደ ቀይ ቡናማነት እንደሚለወጥ ታይቷል። እንዲህ ያለው ቡናማ ብናኝ አልትራቫዮሌቱንና ሰማያዊውን ይውጣል፤ ቀዩን ያሳልፋል። የምድጃ ጥላሸት ግን ቀለም ሳይመርጥ ሁሉንም ይውጣል። የዛፉ ትነት ደግሞ በጥላሸቱ ላይ ተለጥፎ ሲሸፍነው፣ ሽፋኑ እንደ መነጽር ብርሃንን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ጥላሸቱ የሚውጠውን መጠን ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ «የዛፍ ብናኝ ያቀዘቅዛል ወይስ ያሞቃል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከዛፉ ጋር አብሮ ምን አለ የሚለው ነው። ማገዶና ከሰል በሚነድበት፣ ከብት በሚውልበት፣ መኪና በሚበዛበት ሸለቆ ውስጥ ያለ ባሕር ዛፍ የሚለቀው ትነትና ሰው በሌለበት ደን ውስጥ ያለው ዛፍ የሚለቀው አንድ ቢሆን እንኳ፣ ከሁለቱ የሚፈጠረው ጭጋግ አንድ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ቡናማው ቀለም በዚያው ፀሐይ መልሶ መንጣቱ ነው። ቀለም የሰጡት ሞለኪውሎች ብርሃንን ስለሚውጡ በዋጡት ብርሃን ይሰበራሉ፤ ብዙዎቹ ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ባለው ጊዜ ቀለማቸውን ያጣሉ። በብናኙ ውስጥ ያሉት ፐርኦክሳይዶችም (ሁለት የኦክስጅን አቶሞች እርስ በርስ የተያያዙባቸው፣ በቀላሉ የሚሰበሩ ውህዶች) ተሰብረው ቀላል ጋዝ እየሆኑ ስለሚወጡ ብናኙ ይከሳል። ሰሌን ፀሐይ ላይ ሲውል እንደሚነጣው ያለ ነገር ነው። ጭጋጉን የፈጠረችው፣ በእርሱ የተበተነችው፣ ቀለሙንም የምታጠፋው አንዲት ፀሐይ ናት። ለዚህም ነው ማለዳ የተለካ ብናኝና ከቀትር በኋላ የተለካው፣ ከአንድ ዛፍ የመጡ ቢሆኑም፣ ብርሃንን በተለያየ መንገድ የሚያስተናግዱት።

ስለ ደመና አንድ ነገር ብቻ ልበል። የደመና ጠብታ የሚይዘው መነሻ ብናኝ ይሻል፤ ከ50 እስከ 100 ናኖሜትር የደረሱት የዛፍ ብናኞች ለዚህ ይበቃሉ። መነሻው ሲበዛ ያው የውሃ መጠን በብዙ ትናንሽ ጠብታዎች ስለሚከፋፈል ደመናው ይበልጥ ነጭ ይሆናል፤ ብዙ ብርሃንም ይመልሳል።


መልስ፦ ብርሃን ለኪ

ጉዳዩ ስለሚያሳስበኝ አንድ ጥርጣሬ በአክብሮት ላቅርብ። መምህርት ያዩት ነገር በእርግጥ የዛፍ ብናኝ ነበር?

የደን ባለሙያዋ ስለ ስሜን ሸንተረሮች የተናገሩት ትክክል ነው። ምንም ብናኝ የሌለበት አየር ራሱ ሰማያዊ ነው፤ የናይትሮጅንና የኦክስጅን ሞለኪውሎች በዚያው በሬይሊ ሕግ ብርሃንን ይበትናሉ። በእኛና በተራራው መካከል 40 ኪሎ ሜትር አየር ካለ፣ ያ አየር ሁሉ ከጎን የሚመጣውን የፀሐይ ብርሃን እየበተነ በጥቁሩ ተራራ ላይ ሰማያዊ መጋረጃ ይጥልበታል። ስለዚህ የተራራ ሰማያዊነት ብቻውን የዛፍ ትነት ምስክር አይሆንም፤ ዌንት ትክክል የሆነው ዛፎች ብናኝ እንደሚፈጥሩ በማሰቡ ነው፣ ሰማያዊ ሆኖ የሚታይ ርቀት ሁሉ ግን የእነርሱ ሥራ ነው ማለት አይደለም።

መምህርት ያዩት ጭጋግ ግን በሩቅ ተራራ ላይ ሳይሆን ከኮረብታው ሥር፣ በቅርብ ነው። እዚያ ላይ አየሩ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ብናኝ መኖር አለበት። ሰዓቱ ግን ያጠራጥረኛል። በጥር ማለዳ ሦስት ሰዓት ላይ አይሶፕሪን መውጣት ከጀመረ ብዙም አልቆየም፤ ሃይድሮክሲሉም ገና እየበረታ ነው። በአንጻሩ በጥር ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር ምድር ትቀዘቅዛለች፤ ቀዝቃዛው አየር ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ከላዩ ሞቅ ያለ አየር እንደ ክዳን ይገጥምበታል። ማለዳ ቁርስ ለማዘጋጀት፣ ቡና ለማፍላት የተለኮሰው የማገዶ ጢስ ሁሉ በዚያ ክዳን ሥር ይታፈናል። አዲስ የማገዶ ጢስ ደግሞ ደቂቅ ስለሆነ፣ ከኋላው ጨለም ያለ ባሕር ዛፍ ሲኖር ልክ እንደ እጣኑ ሰማያዊ ይመስላል።

ለመለየት የሚረዱ ውድ መሣሪያ የማይሹ መንገዶች አሉ። የጭጋጉ የላይኛው ጠርዝ በገመድ እንደተለካ ቀጥ ያለ ከሆነ የታፈነ የጢስ ንብርብር ነው ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። ፀሐይ ስትሞቅ፣ አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ሲሆን ክዳኑ ተነሥቶ ጭጋጉ ከጠፋም እንዲሁ። ከዛፍ የሚፈጠረው ግን ቀኑ እየገፋ ሲሄድ የሚበረታ እንጂ የሚጠፋ አይደለም፤ ወሰኑም አይለይም። ስለ ላይኛው ሰማይ ደግሞ ይህን ይሞክሩ፦ ፀሐይን ከአንድ ግድግዳ ጠርዝ ጀርባ ፈጽመው ይሸሽጉና ዙሪያዋን ብቻ ይመልከቱ፤ ፀሐይን በቀጥታ ማየት ዓይንን ስለሚጎዳ ተማሪዎቹን አጥብቀው ያስጠንቅቁ። ሰማያዊነቱ እስከ ጠርዙ ድረስ ከዘለቀ አየሩ ንጹሕ ነው። በፀሐይ ዙሪያ ሰፊ ነጭ ጸዳል ካለ፣ ብርሃንን ወደፊት የሚበትኑ ተለቅ ያሉ ብናኞች በላያችን አሉ። በመስከረም መጀመሪያ፣ ክረምቱ አየሩን አጥቦ ባስረከበ ማግስት፣ እና በመጋቢት ይህን አንድ ነገር ከአንድ ቦታ ላይ ማየት ከብዙ ገጽ ንባብ ይበልጣል።


መልስ፦ የደን ባለሙያ ከደባርቅ

የሰዓቱን ነገር እኔም ማንሣት ነበረብኝ፤ በትክክል ተነግሯል።

ባዮሎጂ ስለሚያስተምሩ ደግሞ መምህርት የሚወዱት አንድ ነገር ልጨምር። የተበተነ ብርሃን ለዛፉ ኪሳራ ብቻ አይደለም። በጠራ ቀን የላይኛዎቹ ቅጠሎች ሊጠቀሙበት ከሚችሉት በላይ ብርሃን ያገኛሉ፤ የታችኞቹ ግን በጥላ ውስጥ ይራባሉ። ብርሃኑ በመጠኑ ሲበተን ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ በቅርንጫፎቹ መካከል ሰርጎ ለታችኞቹም ይደርሳል። በፊሊፒንስ የሚገኘው የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ በሰኔ 1991 እ.ኤ.አ. ከፈነዳ በኋላ፣ ወደ ላይኛው ሰማይ የወጣው የሰልፈር ብናኝ የተበተነውን ብርሃን ጨምሮት ነበር። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ በሚገኝ አንድ ደን ላይ በተደረገ ልኬት፣ በቀጣዩ ዓመት ደመና በሌለበት ቀትር የደኑ ፎቶሲንተሲስ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። የዛፍ ብናኝም በመጠኑ ይህንኑ ያደርጋል፤ ዛፉ የለቀቀው ትነት ጭጋግ ሆኖ፣ ብርሃኑን አለስልሶ ለራሱ ለዛፉ የታች ቅጠሎች ያደርሳል። ጭጋጉ ከበዛ ግን ጠቅላላው ብርሃን ስለሚያንስ ጥቅሙ ይቀራል።


መምህርት ከአዘዞ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ዕለት ጥያቄውን ያነሣችውን ልጅና ስድስት ጓደኞቿን ይዤ ከማለዳው አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ወደ ጎሃ ወጣሁ። ብርሃን ለኪ እንዳሉት ሆኖ አገኘነው፤ ጭጋጉ በሸለቆው ውስጥ ተኝቶ፣ የላይኛው ጠርዙ እንደ ውሃ ወለል ቀጥ ብሎ፣ ከየጣሪያው የሚወጣው ጢስ እስከዚያ ጠርዝ ድረስ ብቻ ቀጥ ብሎ ከወጣ በኋላ ወደ ጎን ይተኛ ነበር። በስተጀርባው ባሕር ዛፉ ያለበት ቦታ ላይ ሰማያዊ፣ ከአድማስ ያለውን ነጭ ደመና ይዘን ስናየው ደግሞ ደብዘዝ ያለ ቢጫ ሆነብን። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ጠርዙ ፈረሰ፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ከባሕር ዛፉ በላይ የነበረው ሰማያዊ መጋረጃ ጨርሶ አልነበረም።

ስለዚህ ለልጆቹ «የዛፎቹ ነው» ብዬ የሰጠሁትን መልስ በፊታቸው አረምኩት። ልጅቱ የዛፎቹን ትክክለኛ ጭጋግ እስክታይ ድረስ እንደማታርፍ ነግራኛለች። ለሚያዝያ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከመኖሪያ ሰፈር ራቅ ያለ የባሕር ዛፍ ተክል እየፈለግን ነው። ከጎንደር ብዙ ሳይርቅ፣ በዙሪያው ምድጃ የሌለበት፣ ከላዩ ሆኖ ቁልቁል ለማየት የሚመች ቦታ የሚያውቅ ካለ ቢጠቁመን እንወዳለን።